ኬጂ እንግሊዝኛ ላስተምር ታይላንድ መጥቼ ትምህርቱ በሰባት ደቂቃ አለቀብኝ፤ ምክር!

የቀጨኔ_ልጅ | ግንቦት 24

ሰላም ቤቶች። ቺያንግ ማይ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የመጣሁት በአንድ የክርስቲያን ፕሮግራም በኩል ነው፤ ለአንድ ዓመት ኬጂ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አዲስ አበባ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል አራት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እና ስመጣ «ሕፃን ደግሞ ምኑ ይከብዳል» ብዬ ነበር። አፌን ቁርጥ ያርገው።

ልጆቹ 26 ናቸው፤ ከሦስት ዓመት ተኩል እስከ አምስት። ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። የኔ ክፍለ ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያ ቀን ፖስተሬን ሰቅዬ፣ በዱላ እየጠቆምኩ «ኤ ፎር አፕል፣ ቢ ፎር ቦል» አስባልኳቸው። ባንድ ድምፅ ተከተሉኝ። ደስ ብሎኝ እስከ ዜድ ወረድኩ። ሰዓቴን ሳይ ሰባት ደቂቃ! ከላይ ጀመርኩ። በሁለተኛው ዙር ኤች ላይ ስደርስ ባንክ የሚባለው ልጅ (እዚህ ልጅ ሁሉ የቤት ስም አለው፤ ባንክ፣ ቤንዝ፣ ድብ እና ሽሪምፕ የሚባሉ አሉኝ) ተነስቶ በር ላይ ያለውን ጫማ ሁሉ ቀላቀለው። ስድስቱ ተከትለውት ወጡ። ቀሪውን ጊዜ ጫማ ስናጋጥም አሳለፍን። አብራኝ ያለችው የታይ መምህርት (ክሩ ነው የምንላት፣ በታይኛ መምህር ማለት ነው) ፈገግ ብላ ዝም አለች፤ ያ ፈገግታ ነው የገደለኝ።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። 30 ደቂቃ በምን ይሞላል? ሁለተኛ፣ አንዲት እናት «ይቺ መምህርት የየት አገር እንግሊዝኛ ነው የምትናገረው?» ብላ ክሩን ጠይቃታለች፤ ከዚያ ወዲህ አፌን ስከፍት ራሴን እሰማለሁ። ሦስተኛው ይከብደኛል፦ ዓርብ ዓርብ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በእንግሊዝኛ እንድነግራቸው ተብያለሁ። ልጆቹ አንድ ቃል አይገባቸውም፣ ቤተሰቦቻቸው ደግሞ አብዛኞቹ ቡዲስት ናቸው።

ሚስ_ቲቲ | ግንቦት 24

የኔ እናት፣ አንቺኮ አምስተኛ ክፍልን ይዘሽ ነው ኬጂ የገባሽው። እኔ ገርጂ አካባቢ 11 ዓመት ኬጂ ነው ያስተማርኩት፤ ዱላውን መጀመሪያ ጣይ። ፖስተሩንም አውርጂው።

የአራት ዓመት ልጅ አንድ ነገር ላይ የሚቆየው አራት አምስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ 30 ደቂቃ ማለት አንድ ትምህርት ሳይሆን ስድስት ነው፤ አንዱ ሲነሱበት፣ አንዱ ሲቀመጡበት። ዘፈን፣ ከዚያ ዕቃ ማየት፣ ከዚያ መዝለል፣ ከዚያ መሳል። ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል አድርጊው። ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ አይበጠብጥም፤ እንዲያውም ስትረሺ እሱ ያስታውስሻል።

ፊደል ተይ። በጆሮና በእግር ጀምሪ። አንቺ «ስታንድ አፕ» እያልሽ ትነሻለሽ፣ «ሲት ዳውን» እያልሽ ትቀመጫለሽ፣ «ጃምፕ» እያልሽ ትዘያለሽ። ምንም እንዲናገሩ አትጠይቂ። ጄምስ አሸር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ያስፋፋው መንገድ ነው፤ ቶታል ፊዚካል ሪስፖንስ ይሉታል። ስሙ ይከብዳል እንጂ እናቶቻችን «ና ወደ ማማ፣ ቁጭ በል፣ አፍህን ክፈት» እያሉ ያሳደጉን በዚያው ነው። ማንኛችን ነን አማርኛን «ሀ ለሀብታም» እያልን የጀመርነው?

አንድ የሚሠራ ነገር ልንገርሽ። የጨርቅ ከረጢት ያዢ። ውስጡ አምስት ዕቃ ብቻ፦ ማንኪያ፣ ኳስ፣ ሙዝ፣ ካልሲ፣ መኪና። እጅሽን ከተሽ ቶሎ አታውጪ። ፊትሽን አጨማደሽ፣ የነከሰሽ ነገር ያለ አስመስለሽ ጩኺ። ከዚያ የካልሲውን ጫፍ ብቻ አሳዪ። በሹክሹክታ «ኢት ኢዝ ኤ... ኢት ኢዝ ኤ...»። 26ቱም አፋቸውን ከፍተው ካላዩሽ እኔን ውቀሺኝ። በሦስተኛው ቀን ቃሉን ቀድመውሽ ይሉታል። ድምፅሽን ከፍ ባደረግሽ ቁጥር እነሱም ከፍ ያደርጋሉ፤ በሹክሹክታ ያዢያቸው።

የላምፓንጉ_መምህር | ግንቦት 25

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔ ካንቺ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ ላምፓንግ ነው ያለሁት፤ አምስት ዓመቴ ነው።

ስለ አነጋገርሽ አትጨነቂ፤ ግን የልጆቹን ጆሮ እወቂው። ታይኛ ቃል መጨረሻ ላይ ኤል የለውም፣ ኤን ይሆናል፤ «ቦል» ስትዪ «ቦን» ይሉሻል፣ «አፕል» «አፐን» ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለ «ሽ» ወደ «ት» ይዞራል፤ «ፊሽ» «ፊት» ይሆናል። ቪ የላቸውም፣ «ዌሪ ጉድ» ይላሉ። እኛ ደግሞ «ስኩል» ማለት ሲያቅተን «እስኩል» እንላለን። እኔ እነሱን «ፊሽ» ሳሰኝ እነሱ እኔን «እስኩል» ሲሉ ያሾፉብኛል፤ ተቻችለን እንኖራለን። ለእናትየዋ የምትመልሺው መልስ ልጇ ቤት ይዞት የሚሄደው ቃል ነው።

ፊደል ላይ ስትደርሺ ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። የኛ «ሰ» ስሙም ድምፁም አንድ ነው። እንግሊዝኛው «ኤስ» ተብሎ ይጠራና «ስስስ» ይላል። የነሱ ደግሞ 44 ተነባቢ ፊደላት አሉት፣ እያንዳንዱ ከአንድ ነገር ስም ጋር ነው የሚጠራው፤ የመጀመሪያው «ኮ ካይ» ነው፣ ካይ ማለት ዶሮ። ስለዚህ «ኤ ፎር አፕል»ን እንደ ኮ ካይ አንድ ስም አድርገው ነው የሚሸመድዱት፤ ድምፁን አይለዩትም። ድምፁን አስቀድሚ። ጆሊ ፎኒክስ በሚባለው፣ ንባብን በፊደላት ድምፅ በሚያስተምረው የእንግሊዝኛ ዘዴ ላይ 42 ድምፆች ናቸው ያሉት፣ የሚጀምሩት በኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ፒ፣ ኤን ነው፤ ለምን ብትዪ በነዚህ ስድስት ብቻ «ሲት»፣ «ፒን»፣ «ታፕ»፣ «አንት» ብሎ ማንበብ ይቻላል። ይኼ ግን ለትልልቆቹ ነው፣ ለሦስት ዓመት ተኩሉ አይደለም።

ሦስት የታይኛ ቃል ዛሬውኑ ያዢ፦ «ሆንግ ናም» ሽንት ቤት ነው። «ጄፕ» አመመኝ ነው። «ማይ አው» አልፈልግም ነው። የመጀመሪያውን ሳታውቂ ብትቀሪ ምንጣፉ ይነግርሻል። ሌላው፣ እኛ ልጅ ስናደንቅ ጭንቅላት እንዳብሳለን። እዚህ ጭንቅላት የተከበረ ቦታ ስለሆነ እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ አምስትሽን ስጫቸው፣ በእጅ መዳፍ ማጨብጨብ ይወዳሉ። በእግርሽም ዕቃ አትጠቁሚ።

ወረቀትሽስ? ሳይከፈልሽ «በጎ ፈቃደኛ ነኝ» ብትዪም የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ በቱሪስት ቪዛ እንድታስተምሪ ካደረገሽ ጸሎት ብቻውን አያወጣሽም።

የቀጨኔ_ልጅ | ግንቦት 25

ወረቀቴ አልቋል፣ ተመስገን። ነን ቢ የሚሉትን የሥራ ቪዛ ነው የያዝኩት፤ የሥራ ፈቃዱም ባለፈው ሳምንት ወጣ። ሆንግ ናምን ግን ትናንት ነበር ልትነግረኝ የሚገባህ። ዘገየህ።

ጠያቂ_ነኝ | ግንቦት 26

እኔ ሦስተኛው ጥያቄሽ ላይ ነው የምመጣው፣ ሰው ሁሉ ዘሎት ስላለፈ። ወላጅ ልጁን የሚልከው እንግሊዝኛ ፈልጎ ነው። እናንተ በእንግሊዝኛው ውስጥ እምነት ትጨምራላችሁ። ልጄን ለሒሳብ ልኬ ሳልጠየቅ የሌላ እምነት መዝሙር ይዞ ቢመጣ ዝም እላለሁ? እናንተስ ትላላችሁ? የአራት ዓመት ልጅ እምቢ የማለት አቅም የለውም። ክፉ ናችሁ እያልኩ አይደለም፤ መልስ ስለምፈልግ ነው።

የላምፓንጉ_መምህር | ግንቦት 26

ጥያቄህ ተገቢ ነው ወንድሜ። ግን እዚህ ያለው ሁኔታ ድብብቆሽ አይደለም። ባንኮክ ክርስቲያን ኮሌጅ የሚባለው ትምህርት ቤት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1852 ጀምሮ አለ፣ ቺያንግ ማይ ያለው ፕሪንስ ሮያልስ ኮሌጅ በ1887 የተጀመረ ነው። ክርስቲያኑ ከሕዝቡ መቶኛ አንድ ገደማ በሆነበት አገር ቡዲስት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ትውልድ በትውልድ እዚያ አስተምረዋል። በሩ ላይ መስቀል አለ፣ የጸሎት ሰዓት አለ፣ ወላጅ አውቆ ነው የሚያስመዘግበው። ችግሩ የሚመጣው መስቀሉ በሩ ላይ ሳይኖር ሲቀር ነው፤ «የእንግሊዝኛ ካምፕ» ብሎ ለጥፎ ውስጥ ሌላ ሲሆን። እንደዚያ ያለም አጋጥሞኛል፣ አንድ ሳምንት ሠርቼ ወጥቻለሁ።

ጋሽ_ደምቢ | ግንቦት 27

ልጆች፣ እኔ ሚኒያፖሊስ የምኖር የ71 ዓመት ሰው ነኝ። ደምቢ ዶሎ ሚሽን ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ በዚያኛው ወገን፣ ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት ጋር ልናገር።

ጠያቂ ያነሣው ነገር አዲስ አይደለም። የኛ መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች ደንብ አውጥቶ ነበር። አገሩን ለሁለት ከፈለው፤ የኦርቶዶክስ ሕዝብ ያለበት አካባቢ ለስብከት ዝግ፣ ሌላው ክፍት። ማስተማሪያ ቋንቋውም አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። እኔ ቤት ኦሮምኛ የምናገር ልጅ፣ ትምህርት ቤት በአማርኛ፣ መምህሯ ደግሞ ፈረንጅ። እስቲ አስቡት።

የተማርኩት የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ቃል «ከም» ነው። ማንም አላስተማረኝም። መምህራችን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ሁለት እጇን ዘርግታ «ከም፣ ከም» ትለን ነበር፤ ዝናብ ከሆነ ነጠላችንን ራሷ ትጨምቀዋለች። የመጽሐፍ ቅዱሱን ታሪክ በዚያ ዕድሜዬ የሰማሁትን አንዱንም አላስታውስም። የተጨመቀውን ነጠላ አስታውሳለሁ።

ሌላ አንድ ነገር። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት አብራው ትሠራ ነበር። ሁለቱም ከባርነት ነፃ የወጡ ናቸው። በ1894 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለልጆች የንባብ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ አስቴር ከልጅነት ትዝታዋ የሕዝቡን ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌ ነው ሰብስባ ያስገባችበት። ልጅ የሚያውቀውን ነገር ይዛ ነው ወደማያውቀው ፊደል የወሰደችው። ልጄ፣ አንቺም ልጆቹ በቋንቋቸው ምን እንደሚጫወቱ እዪ። የራስሽንም ጨዋታ አትርሺ፤ ቀጨኔ ጨዋታ ጠፍቶ አያውቅም።

የቀጨኔ_ልጅ | ግንቦት 27

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነጠላውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እርስዎ ያሉትን ልሞክር።

ብሩክ_ሐዋሳ | ግንቦት 28

ሰላም፣ ጨዋታችሁን ላቋርጥና፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኮሪያስ ይቻላል? እዚያ ደመወዙ ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ።

የላምፓንጉ_መምህር | ግንቦት 28

ለእንግሊዝኛ መምህርነት የሚሰጡት ኢ-2 ቪዛ የሰባት አገር ዜጎችን ነው የሚቀበለው፦ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አየርላንድና ደቡብ አፍሪካ። እንግሊዝኛህ የቱንም ያህል ቢሆን ፓስፖርቱ ነው የሚታየው። ታይላንድ ዲግሪ ይጠይቁሃል፣ ቶይክ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ተፈትነህ ቢያንስ 600 ማምጣት አለብህ፤ ትምህርት ቤቱ ከመምህራን ምክር ቤቱ ከኩሩሳፋ ጊዜያዊ ፈቃድ ያወጣልሃል። ዲግሪህንና የፖሊስ ማስረጃህን አዲስ አበባ እያለህ አረጋግጥ፤ እዚህ ሆነህ ሰው እየላክህ ማስጨረስ ስቃይ ነው። በየ90 ቀኑም ለኢሚግሬሽን አድራሻህን ታሳውቃለህ።

ሲልቨርስፕሪንግ_አባወራ | ግንቦት 29

እኔ በተቃራኒው ነኝ። ልጄ አሜሪካ ተወልዳ አማርኛ እንዲገባት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ትማራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሀ ሁ ሂ» ብላ ጨርሳ «ውኃ አምጪልኝ» ሲሏት አይገባትም ነበር። አያቷ ከደሴ መጥታ ሦስት ወር ወጥ ቤት ከተቀመጠች በኋላ ነው አፏ የተፈታው። «ሽንኩርቱን አቀብይኝ፣ እሳቱን ቀንሺ፣ ቅመሺ»። ሚስ ቲቲ ያለችው ሰውዬ ስሙ አሸር ነው አይደል? የኛ አሸር እማማ ናት።

የቀጨኔ_ልጅ | ሰኔ 7

ተመለስኩ። ብዙ የምነግራችሁ አለ።

ከረጢቱ ሠራ። ሚስ ቲቲ፣ ካልሲው ሲወጣ ቤንዝ የምትባለው ልጅ በሳቅ ወደ ኋላዋ ወደቀች። አሁን ቅደም ተከተል አለን፤ ሰላምታ፣ ዝላይ፣ ከረጢት፣ የራሳቸው የዝሆን ዘፈን ላይ «ቢግ ኢርስ፣ ሎንግ ኖዝ» ጨምረን፣ ከዚያ ቀለም። እንዳለችው ዝላዩን ስረሳ ባንክ ራሱ ተነስቶ «ቲቸር! ጃምፕ!» አለኝ። የጫማው ወንበዴ!

ሐሙስ ለት «ዋይ ክሩ» ነበር፣ ልጆች መምህሮቻቸውን የሚያከብሩበት ቀን። ሽሪምፕ በጉልበቷ እየዳኸች መጥታ አንድ ትንሽ የአበባ እቅፍ ሰጠችኝና ጎንበስ አለች። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ እኔም ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፤ ክሩ በክንዴ አነሣችኝ። ማታ ደውዬ ለእናቴ ስነግራት «ይሄ ስግደት አይሆንብሽም?» አለች። «እማዬ፣ አባባ ጉልበት ስንስም ስግደት ነበር?» አልኳት። ዝም አለች። እቅፉን ስፈታው ግን ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሰርዶ! የኛው ሰርዶ። ቶሎ ስለሚስፋፋ ትምህርቱም እንደሱ እንዲሆን ነው አሉኝ። ቡና ሳላፈላ የሰርዶ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም።

(በነገራችን ላይ እዚህ ዘመኑ 2568 ነው። ፈረንጁ 2025 ይላል፣ እኔ 2017 ነኝ። ማታ አንድ ሰዓትን ግን እነሱም እንደኛ «አንድ» ነው የሚሉት፣ ሁለትንም «ሁለት»። ስልኬ ሰባት ሲል እኔና የጥበቃው አዛውንት ብቻ ነን የምንግባባው።)

የዓርቡን ነገር ለኃላፊዋ ነገርኳት። ፈርቼ ነበር። «ልጆቹ በማይገባቸው ቋንቋ ታሪክ ብነግራቸው እንግሊዝኛውም ታሪኩም ይጠፋል» አልኳት። ተስማማን፤ ታሪኩ በጸሎት ሰዓት ብቻ ነው፣ ወላጆች በሚያውቁት፣ ክሩ በታይኛ ትነግራለች። እኔ ዝናብና እንስሳት ነኝ። የኖኅ ለት «ሬይን፣ ሬይን» እያልን ምንጣፉን በጣታችን ስንደበድብ የውጭው ሰማይም ዘነበ፤ ክረምታቸው ነው።

ጠያቂ_ነኝ | ሰኔ 7

ሙሉ በሙሉ አላሳመንሽኝም። ኃላፊዋን መጠየቅሽን ግን አክብሬያለሁ። ልጅ ጸሎቱ ላይ አልገባም ቢልስ? እሱን ጠይቂልኝ።

የቀጨኔ_ልጅ | ሰኔ 7

ሁለት ልጆች አይገቡም፣ ወላጆቻቸው ስላልፈለጉ። በዚያ ሰዓት የአትክልት ቦታው ጋ ውኃ ያጠጣሉ። እውነቱን ልንገርህ? ሌሎቹ ይቀኑባቸዋል።

ሚስ_ቲቲ | ሰኔ 8

ጎበዝ! የጋሼን ምክርስ? የቀጨኔን ጨዋታ ይዘሽ ገባሽ?

የቀጨኔ_ልጅ | ሰኔ 8

እሱን ነው ለመጨረሻ ያስቀረሁት። ኮ ካይ ዶሮ ነው ተብዬ የለ? የታይ አውራ ዶሮ «ኤክ ኢ ኤክ ኤክ» ነው የሚለው። የእንግሊዝኛውን «ኮካዱድልዱ» ነገርኳቸው፣ ሳቁ። «የኔ አገር ዶሮስ?» አልኩና «ኩኩሉ!» ብዬ ጮህኩ። አለቀ። ድብብቆሽ ጀመርን። አንዱ ዓይኑን ግድግዳ ላይ ይደፍናል፣ «ኩኩሉ!» ይላል፤ ተደባቂዎቹ «አልነጋም» በማለት ፈንታ «ኖት ዬት!» ይላሉ። ሁሉም ሲደበቅ «ሞርኒንግ!» ብለው ይጮሃሉ። ሽሪምፕ ሁልጊዜ የምትደበቀው መጋረጃ ውስጥ ነው፣ እግሮቿ ከታች ይታያሉ፤ ፈላጊው አይቷት እንዳላየ ያልፋል። «አይ ሲ ዩ» ማለትንም በዚሁ ያዙ። ማንም ድገሙ አላላቸውም።

አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ። ያቺ የየት አገር እንግሊዝኛ ነው ያለችው እናት የባንክ እናት ናት። ዛሬ በክሩ በኩል መልእክት ላከችብኝ። ልጁ በየማለዳው፣ ገና ጨለማ ሳለ፣ አልጋው ላይ ቆሞ «ኩኩሉ» እያለ ቤቱን ይቀሰቅሳል። መዝገበ ቃላት ፈልጋ አጣችው። ይሄ የእንግሊዝኛ ቃል ምን ማለት ነው፣ ምን ብለን እንመልስለት ትላለች። ምን ልበላት?

ሚስ_ቲቲ | ሰኔ 8

«አልነጋም» በሉት በያት።